የ51 ሚሊዮን ዩሮ ሻንሲ ቁጥር

አሮጌ መኪና ገዝቶ ስም ሊያዞር የሄደ ሰው የሚያውቃት አንዲት ደቂቃ አለች። መርማሪው ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዞ ያጎነብሳል፣ ቅባቱንና ዝገቱን ይጠርጋል፤ ከዚያ ቁጥሩን በጣቱ እየዳሰሰ ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ቀለሙ ቢያብረቀርቅ፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ቢነሳ እሱ ጉዳዩ አይደለም። አንዲት አኃዝ ካልገጠመች ጉዳይህ እዚያው ቆመ። እኔ ከዓመታት በፊት የአንዲት ቮልስ ስም ለማዞር ሦስት ቀን የተመላለስኩት ዝገት የበላው ቁጥር 3 ነው 8 ነው በሚል ክርክር ነው። መኪናዋ ፊታችን ቆማ ሳለ መኪናዋን የሚያያት አልነበረም።

ያኔ የቢሮክራሲ ክፋት መስሎኝ ነበር። አሁን በዓለም ውድ የሆኑት መኪኖች የሚሸጡበትን መንገድ ስከታተል መርማሪው ትክክል እንደነበር ይገባኛል።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቱትጋርት ባለው የመርሴዲስ ሙዚየም ውስጥ አርኤም ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት አንድ መኪና ለጨረታ አቀረበ። ባለ አንድ ወንበር የውድድር መኪና ነው፤ ሞዴሉ ደብሊው 196 አር፣ ሻንሲ ቁጥሩ 00009/54። መዶሻው 46.5 ሚሊዮን ዩሮ ላይ ወረደ። የአጫራቹ ድርሻ ሲታከልበት ከገዢው ኪስ የወጣው 51,155,000 ዩሮ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ ከተሸጡ መኪኖች ሁሉ ይህን የሚበልጠው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የዚሁ ሞዴል የቅርብ ዘመድ የሆነውና በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው 300 ኤስኤልአር ኡህለንሃውት ኩፔ ነው። ከግራንድ ፕሪ፣ ማለትም ከፎርሙላ ዋን ውድድር መኪኖች መካከል ግን ይህን ያህል ያወጣ አልነበረም።

የሚገርመው፣ 00009/54 በዓለም ሻምፒዮና አንድም ውድድር አላሸነፈም።

ታዲያ ሰውየው የገዛው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ መኪናው ዘመን መመለስ ይሻላል።

ጀርመኖች ጁላይ 4 ቀን 1954ን የሚያስታውሱት በርን ላይ ሃንጋሪን 3 ለ 2 አሸንፈው የዓለም ዋንጫ ስላነሱበት ነው። በዚያው እሑድ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሬምስ ላይ፣ መርሴዲስ ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራንድ ፕሪ ተመለሰ። ይዞት የመጣው መኪና ተመልካቹ ከለመደው ጋር አይመሳሰልም። የዚያ ዘመን ባለ አንድ ወንበር መኪና ሲጋራ የመሰለ ረጅም አካልና አራት የተራቆቱ ጎማዎች ያሉት ነው። ይኼኛው ግን ጎማዎቹን ሁሉ በብርማ ቆርቆሮ ሸፍኖ፣ መሬት ላይ እንደተደፋ ጀልባ ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል። ደንቡ ጎማ መሸፈንን አልከለከለም፤ ነፋስ ደግሞ ለሽፋን ያደላል። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮ አንደኛ፣ ካርል ክሊንግ ሁለተኛ ሆነው ገቡ።

ደስታው ግን ሁለት ሳምንት አልዘለቀም። እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ የመንገዱ መታጠፊያዎች የተለዩት በባዶ የዘይት በርሜሎች ነበር። ከሰፊው ቆርቆሮ ኋላ የተቀመጠው ፋንጂዮ የፊት ጎማዎቹ የት እንዳሉ አያይም። በርሜሉን እየገጨ፣ ፓራፋንጎው እየተጨራመተ አራተኛ ወጣ። መሐንዲሶቹ ወደ ስቱትጋርት ተመልሰው ለዚያው ሻንሲ ጎማው የሚታይ ሌላ ቦዲ ሠሩ፤ ኦገስት 1 ቀን ኑርቡርግሪንግ ላይ ፋንጂዮ በእሱ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ መኪናው እንደ ሰው የዘወትርና የክት ልብስ ኖረው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጎማው ገላጣ፣ ቀጥ ያለና ፈጣን መንገድ ላይ ሽፍን።

ከቆርቆሮው ሥር ያለው ደግሞ ለጋራዥ ሰው ድግስ ነው። 2.5 ሊትር የሚይዘው ሞተር ስምንት ፒስተኖቹን በአንድ መስመር ደርድሮ በጎኑ ጋደም ብሏል፤ የተጋደመው ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ነው። በተለመደው ሞተር ቫልቮላን የሚዘጋው ሞላ ነው። ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ሞላው መከተል ያቅተውና ቫልቮላው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ፒስተኑ ይደርስበታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መካኒክ ያውቀዋል። መርሴዲሶች ሞላውን አውጥተው ጣሉት። የሚከፍተውም የሚዘጋውም የካም ዘንጉ እንዲሆን አደረጉ። ተፎካካሪዎቻቸው በካርቡራቶር ሲጓዙ እነሱ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ረጩት። የሹፌሩ ቦታ ግን ለሰው የተሠራ አይመስልም። የፍሪሲዮኑ መያዣ መሐል ለመሐል ስለሚያልፍ ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ በቀኝ ተለያይተዋል፤ ሹፌሩ ፈረስ ላይ እንደወጣ እግሩን አንፈራጦ ነው የሚነዳው። ወንበሩ የለበሰው ሰማያዊ ዳማ ጨርቅ ነው፤ ያን ሁሉ ብረት ተሻግረህ ስታየው የአያት ሳሎን ትዝ ይልሃል።

በዚህ መኪና መርሴዲስ ከተሳተፈባቸው 12 የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች 9ኙን አሸነፈ። ፋንጂዮ የ1954ን እና የ1955ን ዋንጫ ወሰደ።

የእኛው 00009/54 በዚህ ድል ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። በጃንዩዋሪ 30 ቀን 1955 ቦነስ አይረስ ላይ ከሻምፒዮናው ውጭ በሆነ ውድድር ፋንጂዮ ነዳው፤ ውድድሩ በሁለት ክፍል የተከፈለ ነበርና በሁለቱ ሰዓት ድምር አሸነፈ። ያን ቀን የለበሰው ጎማው የሚታየውን ቦዲ ነው። ሞተሩም የተለመደው 2.5 ሊትር አልነበረም፤ ውድድሩ የሞተር ልክ ስለማይገድብ ፋብሪካው ለ300 ኤስኤልአር ያዘጋጀውን 3 ሊትር ገጥሞ ሞከረበት። ከዚያ ሴፕቴምበር 11 ቀን የጣሊያኑ ሞንዛ መጣ። ሞንዛ ያኔ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፊሉ እንደ ግድግዳ ያዘመመ ኮንክሪት። 2.5 ሊትሩ ሞተር ተገጠመለት፣ ሽፍኑን ቦዲ ለበሰ፣ እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ተቀመጠበት። ድንጋይ ፈናጥሮ የፊት መስታወቱን ሰበረበት፤ ቆሞ አስቀይሮ ወጣ። ያጣውን ጊዜ ሲያሳድድ አንዱን ዙር በ2 ደቂቃ ከ46.9 ሰከንድ ጨረሰ፤ በአማካይ 215.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው፣ የዕለቱ ፈጣን ዙር። በ27ኛው ዙር ሞተሩ ሞተ። ፋንጂዮ በሌላኛው ሽፍን መኪና አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ መርሴዲስ ከውድድር ዓለም ወጣ፤ በራሱ ስም ወደ ፎርሙላ ዋን የተመለሰው በ2010 ነው።

እንግዲህ ቁጠሩት። ቦነስ አይረስ ላይ ያሸነፈው መኪና ሌላ ቦዲና ሌላ ሞተር ነበረው። ሞንዛ ላይ የሮጠው ደግሞ ሌላ ቦዲና ሌላ ሞተር። የማይለወጠው ከቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደው ሻንሲና የተቀረጸበት ቁጥር ብቻ ነው። «ይህ ፋንጂዮ ያሸነፈበት፣ ሞስ የፈጠነበት መኪና ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እውነት የሚያደርገው ያ ቁጥር ነው። 51 ሚሊዮኑ የወጣው ለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የውድድር መኪና ከቤት መኪና የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የቤት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው አብዛኛው ነገር አብሮት ያረጃል። የውድድር መኪና ግን እሑድ ይጋጫል፣ ሰኞ ይፈታል፣ በሳምንቱ በሌላ ሞተር ይወጣል። ለቡድኑ መሣሪያ እንጂ ቅርስ አልነበረም። ይባስ ብሎ በ1950ዎቹ ቡድኖች ከአገር አገር ሲዞሩ የጉምሩክ ወረቀቱ የአንዱን መኪና ቁጥር ይይዝና መኪናው ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የቁጥሩን ሰሌዳ ነቅሎ ለሌላው መለጠፍ። የዚያን ቀን ብልሃት የዛሬ ታሪክ አጥኚዎችን ያሰክራል። ይህን ስሰማ ወደ እኛ ጉምሩክ ሄዶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚገረመው ብዬ ስቄያለሁ።

ጥያቄው አንድ ጊዜ ለንደን ፍርድ ቤት ደርሷል። መኪናው ባለ አንድ ወንበር አልነበረም፤ በ1929 እና በ1930 በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር፣ ሌ ማን ላይ ያሸነፈው፣ «አሮጌው ቁጥር አንድ» የሚባለው ቤንትሌይ ነው። ከድሉ በኋላ ለሌላ ውድድር ተቀየረ፣ በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ሹፌሩን በገደለ አደጋ ተሰባበረ፣ ከዚያ ኩፔ ሆኖ እንደገና ተሠራ። በ1990 ባለቤቱ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ተስማማ። ገዢው ግን «ይህማ ያ መኪና አይደለም፣ የቀረ ነገር የለውም» ብሎ አፈገፈገ። ዳኛው ጀስቲስ ኦተን ብሎን በብሎን ምስክር ሰሙ። በ1929 ሌ ማን ላይ ከሮጠው ብረት የተረፈው ከምንም የማይቆጠር መሆኑን ተቀበሉ፤ ፍርዱን የሰጡት ግን ለሻጩ ነው። ምክንያታቸው፣ መኪናው በአንድ ቀን ጠፍቶ በሌላ ቀን አልተሠራም፤ ቁራጭ በቁራጭ እየተለወጠ ሳይቋረጥ ኖሯል፤ «እኔ ነኝ ያ መኪና» ብሎ የሚነሳ ሌላም የለም የሚል ነው።

ይህ ፍርድ የገበያው ያልተጻፈ ሕግ ሆነ ማለት ይቻላል። ብረቱ ቢለወጥም ሰንሰለቱ አይበጠስ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የመቶ ዓመት ቤት ጣሪያው ሦስት ጊዜ ቢቀየር ያው የአያቶቻችን ቤት ነው። የምጠራጠረው ሰንሰለቱ ሲበጠስ ነው።

ለዚህ ከአውቶ ዩኒየን የተሻለ ምሳሌ የለም። ከጦርነቱ በፊት መርሴዲስን የተገዳደሩት፣ ሞተራቸው ከሹፌሩ ጀርባ የሆነ ብርማ ባለ አንድ ወንበር መኪኖች ናቸው። መቀመጫቸው የጀርመኗ ከተማ ጽቪካው ስትሆን በ1945 ሶቪየቶች ከተማዋን ሲይዙ መኪኖቹን በምርኮነት ጭነው ወሰዱ። እዚያ እየተፈቱ ተመረመሩ፣ የተረፉት ተበታተኑ። ከአራት አስርት ዓመታት በኋላ አሜሪካ የሚኖር ሰብሳቢ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ቁርጥራጮቻቸውን አድኖ አገኘ፤ እንግሊዝ ያሉ ባለሙያዎች የጎደለውን ሠርተው ሙሉ መኪና አደረጓቸው። በ2007 አጫራቹ ክሪስቲስ አንዱን «ዲ ታይፕ» ፓሪስ ላይ ለጨረታ አቀረበ፤ ብዙ ተወራለት፣ የዓለም ሪከርድ ይሰብራል ተባለ። ጨረታው ሳይደርስ በመኪናው ላይ ያለው ቁጥር በትክክል የየትኛው ውድድር መኪና ነው የሚል ጥያቄ ተነሳና ከጨረታው ወጣ። ብረቱ የጽቪካው መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም። ያልተረጋገጠው ቁጥሩ የሚመራበት ድል ነው። ዋጋው ደግሞ በድሉ ላይ ነው የቆመው። የኔ ቮልስ ነገር፦ 3 ነው 8 ነው?

ወደ 00009/54 ስንመለስ ሰንሰለቱ አስቂኝ እስኪሆን ድረስ አጭር ነው። ፋብሪካው። ከ1965 ጀምሮ መርሴዲስ በስጦታ የሰጠው የኢንዲያናፖሊስ ሞተር ስፒድዌይ ሙዚየም። ከ2025 ጀምሮ አዲሱ ገዢ። ሌባ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ መዟዟር የለም፣ ቆርጦ ለሁለት የሸጠ ብልጥ የለም። በስድሳ ዓመት ውስጥ አንድ ባለቤት፣ እሱም ሙዚየም። ከተሠሩት 14 ሻንሲዎች እስከ ዛሬ የሚታወቁት 10 ሲሆኑ አብዛኞቹን መርሴዲስ ራሱ ይዟቸዋል፤ ቪየናና ቱሪን ያሉ ሙዚየሞችም አሏቸው። በግል እጅ ያለው ከ2025 በፊት አንድ ብቻ ነበር።

የዚያ የአንዱ ታሪክ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ኢንዲያናፖሊስ የሄደችበትን መንገድ ቀድሞ የሄደበት እሱ ነው። 00006/54 ይባላል። ፋንጂዮ በ1954 የጀርመንንና የስዊዘርላንድን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው በእሱ ነው። መርሴዲስ እንግሊዝ ቡሊዩ ላለው የሞተር ሙዚየም ሰጠው። ሙዚየሙ በ1980ዎቹ ገንዘብ ሲያስፈልገው ሸጠው። ከዚያ ከአንድ ሀብታም ወደ ሌላ ሀብታም ሲሻገር ቆይቶ በጁላይ 2013 ጉድውድ ላይ በቦንሃምስ ጨረታ 19,601,500 ፓውንድ አወጣ፤ ያኔ በጨረታ ከተሸጡ መኪኖች ሁሉ አንደኛው ነበር። መድረክ ላይ የወጣው ሳይታጠብ፣ ሳይቀባ፣ ከነቅባቱና ከነጭረቱ ነው። የሚገርመው ቆሻሻው ዋጋ ማውረዱ ቀርቶ ጨመረለት። ቅባቱ ማንም እንዳልነካካው ይመሰክራላ!

በስጦታ ያገኙትን መሸጥ ያሳፍራል ወይ? ብዙ ሰው ኢንዲያናፖሊስን ነቅፏል። እኔ ግን የሙዚየሙን ነገር ሳመዛዝን ለመንቀፍ አልቸኩልም። የዚያ ቤት ሥራ የኢንዲያናፖሊስ 500ን ታሪክ መጠበቅ ነው፤ 00009/54 እዚያ ሜዳ ላይ ተወዳድሮ አያውቅም። ሙዚየሙ ለእድሳት ዘግቶ በነበረበት ጊዜ ከዓላማው ውጭ ናቸው ያላቸውን መኪኖች ለይቶ አወጣ። መርሴዲሱ በተሸጠ በአራተኛው ቀን የሌ ማንን የ1965 ውድድር ያሸነፈው ፌራሪ 250 ኤልኤም ፓሪስ ላይ በ34.88 ሚሊዮን ዩሮ ሄደ። ሁለቱ ብቻ ከ86 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ናቸው። በዚህ ገንዘብ የቀረው ስብስብ ጣሪያው ሳያፈስበት፣ መካኒኩ ደመወዙ ሳይቋረጥበት ብዙ ዘመን ይጠበቃል። አቧራ የጠገበ፣ ብርሃን የማይደርስበት ሙዚየም የገባ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

ቅር የሚለኝ ሌላው ጎን ነው። ሰጪው ፋብሪካ ዛሬም አለ፤ ሽያጩም የተካሄደው በሰጪው ቤት፣ በሰጪው መድረክ ላይ ነው። መርሴዲስ በ2022 ራሱ ኡህለንሃውት ኩፔውን ሲሸጥ ገንዘቡን ለወጣቶች የትምህርት ድጋፍ አውሎ፣ መኪናው በልዩ ዝግጅቶች ላይ ለሕዝብ እንዲታይ ከገዢው ጋር ተስማምቶ ነበር። በ1965 የተሰጠው ስጦታ ላይ እንዲህ ያለ አንዲት ሐረግ ጽፎ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ወሬ ሌላ በሆነ። ስጦታ ሲሰጥ «ብትሸጠው ለእኔ ቅድሚያ ስጠኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ መሬት በሚሸጥበት መንደር ዘመድ እንዲህ ነው የሚለው።

አዲሱ ባለቤትም ዕዳ አለበት። ሞተሩን ካላስነሳው ዘይቱ ይረጋል፣ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፤ ካስነሳው ደግሞ የዛሬ ሰባ ዓመት የተሠራ ፒስተን የሚሸጥ መደብር የለም። ይህን ዓይነት ሞተር ከሠሩት ሰዎች ልጆች በቀር የሚነካው ሰው በጣት ይቆጠራል። አንድ ነገር ከተሰበረ አዲሱ ክፍል በልክ ይሠራል፤ በዚያች ሰዓትም መኪናው ከ1955ቱ በአንድ ክፍል ይርቃል። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ያለ መኪና የሚጠግኑ ጋራዦች አሮጌውን አይጥሉም። የተሰነጠቀ የቫልቮላ ክዳን፣ የተበላ ጥርስ፣ ራሱ የተላጠ ብሎን ሳይቀር ከየትና መቼ እንደተፈታ ተጽፎበት በሳጥን ይቀመጣል። መኪናው ሲሸጥ ሳጥኑ አብሮ ይሸጣል፤ ገዢውም ከመኪናው እኩል ሳጥኑን ያስመረምራል። ሶማሌ ተራ ቢወስዱት በኪሎ የሚመዘን ብረት ነው።